የምርምር አስተባባሪ ሙያና የተሐድሶ ሕክምና

(በክረምት ዕረፍት ሳንሱሲ ለተሰበሰቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ወላጆች የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የመጣነው የዩኒቨርሲቲ ኑሯችንን ለማሞገስ አይደለም። ስለ አንድ ሙያ ልንነግራችሁ ነው የመጣነው፤ ይኸውም በተሐድሶ ሕክምና ሳይንስና ቴክኖሎጂ ውስጥ የምርምር አስተባባሪ መሆን የሚባለው ሙያ ነው። ስሙ ረጅም ነው፤ ሥራው ግን ከስሙም ይረዝማል። ነገር እንዳይምታታ በዚህ ንግግር የምንጠራቸውን ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን።

በሰፈራችን አንድ ልጅ «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አብራሪ ይላል። ወላጅም ይደሰታል። «የምርምር አስተባባሪ እሆናለሁ» ያለ ልጅ ግን እስከ ዛሬ አልሰማንም። ቢኖርም እንኳ «እሱ ደግሞ ምን የሚሉት ሥራ ነው?» ተብሎ ይሳቅበት ነበር። እንግዲህ ጥያቄው ተገቢ ነውና መልሱን አብረን እንፈልገው።

ሰፈራችን ሳንሱሲ የተባለበት ቃል ፈረንሳይኛ ነው፤ «ያለ ሐሳብ»፣ «ያለ ጭንቀት» ማለት ነው። የፕሩስያው ንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ በ18ኛው መቶ ዓመት በፖትስዳም ያሠራው ቤተ መንግሥትም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። እኛ ግን ቤተ መንግሥት ውስጥ ሳይሆን በአምቦ መንገድ ዳር የምንኖር ነን። ወደ ወለጋ የሚሄደው የጭነት መኪና በደጃችን ያልፋል፤ ሚኒባሱም፣ ባጃጁም፣ አህያውም፣ ተማሪውም የሚሄደው በዚያው መንገድ ነው። በዚህ መንገድ እግሩን ያጣ፣ ወገቡ የተሰበረ፣ ልጅ ሳለ ፖሊዮ ያሽመደመደው ሰው የማያውቅ በመካከላችን አለን? ስማችን «ያለ ጭንቀት» ቢሆንም፣ ለእነዚህ ሰዎች መጨነቅ ግን ግዴታችን ነው።

ነገሩ ደግሞ ከእኛ የራቀ አይደለም። ከዚህ ተነሥተን በቡራዩና በገፈርሳ በኩል ወደ ምዕራብ ብንሄድ መናገሻ እንደርሳለን። እዚያ ከ1962 ጀምሮ የቼሻየር ድርጅት የአካል ጉዳት ያለባቸውን ሕፃናት የሚረዳበት ማእከል አለ። ሥራው የተጀመረው በተለይ ፖሊዮ ለጎዳቸው ልጆች ነበር። ድርጅቱ ስሙን ያገኘው ከሊዮናርድ ቼሻየር ነው፤ እሱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላን አብራሪ የነበረና ከጦርነቱ በኋላ ዕድሜውን ለአካል ጉዳተኞች የሰጠ ሰው ነው። ወደ ደቡብ ዞረን በቀለበት መንገድ፣ በጦር ኃይሎች በኩል ብንወርድ ደግሞ ዘነበወርቅ እንደርሳለን። እዚያ በ1965 የተቋቋመው አልርት አለ፤ ከአጠገቡም በ1970 ሥራ የጀመረው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ። እንግዲህ አንዱ ማእከል በስተምዕራባችን፣ ሌሎቹ በስተደቡባችን ሆነው እኛ በመካከላቸው እንኖራለን፤ ነገር ግን ውስጣቸው ምን እንደሚሠራ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

ተሐድሶ ሕክምና ማለት በበሽታ፣ በአደጋ ወይም በተፈጥሮ የጐደለ የሰውነት ተግባር እንዲመለስ፣ ሊመለስ የማይችለውም በሌላ መንገድ እንዲተካ የሚደረግ ርዳታ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የደከመውን ጡንቻ ያሠለጥናል። የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ሰውየው ልብሱን እንዲለብስ፣ ምግቡን እንዲሠራ፣ ወደ ሥራው እንዲመለስ መንገዱን ያሳየዋል። ቴክኒሻኑ ሰው ሠራሽ እግር፣ የእግር ድጋፍ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ይሠራል ወይም ያስተካክላል። ቀዶ ሐኪሙ የሞት አደጋን ያስወግዳል፤ ተሐድሶ ግን «ከዳነ በኋላስ እንዴት ይኑር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ያወጣው አመዳደብ ይህን ነገር በግልጽ አስቀምጦታል። በዚያ አመዳደብ መሠረት አካል ጉዳት በሰውየው ገላ ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ ገላው ከሚኖርበት አካባቢ ጋር ሲጋጭ የሚፈጠር ነገር ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት እግር አጡ እንበል። አንደኛው የሚኖረው ከአስፋልት ዳር፣ ደረጃ በሌለው ቤት ነው። ሁለተኛው የሚኖረው ከቁልቁለቱ ሥር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጉልበት ድረስ በሚያሰጥም ጭቃ ውስጥ ነው። የሐኪሙ ካርድ ለሁለቱም አንድ ቃል ይጽፋል፤ ኑሯቸው ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ «እግሩ ተሠራለት ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «በተሠራለት እግር የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ምርምር የሚጀመረውም ከዚህ ላይ ነው።

ምርምር ለተሐድሶ ምን እንደ ጠቀመ ከዘነበወርቅ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ሰው ሁሉ ለብዙ ዘመን የሥጋ ደዌ ጣትን እያበሰበሰ ይጥላል ብሎ ያምን ነበር። አልርት ሲመሠረት ከደከሙት ሐኪሞች አንዱ እንግሊዛዊው ፖል ብራንድ ነው። እሱ ቀደም ብሎ በህንድ አገር በቬሎር ባደረገው ጥናት ነገሩ ሌላ መሆኑን አሳየ። ደዌው የሚጎዳው ነርቭን ነው። ነርቩ ሲሞት ሕመም አይሰማም፤ ሕመም ካልተሰማ ደግሞ ሰው የጋለ ድስት ይዞ እጁ ሲቃጠል አያውቅም፤ ጫማው ውስጥ ምስማር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ቢሄድበት አይሰማውም። ጣቱን የሚያሳጣው ይህ በየቀኑ የሚደርስ ቁስል ነው።

ይህ ዕውቀት ምን ለወጠ? ሁሉንም ለወጠ። ቁስል ነው ከተባለ መከላከል ይቻላል። ለስላሳ የጎማ ሶል ያለው ጫማ እግርን ያድናል፤ ሰውየው በየማታው እግሩን በዐይኑ እንዲመረምር ማስተማር ያድናል፤ የታጠፈውንም እጅ የሚሠራ ጅማት ከሌላ ቦታ አምጥቶ በቀዶ ሕክምና ማላወስ ይቻላል። ከብራንድ በፊትም ሐኪሞች ነበሩ፤ ደግ ሰዎችም ነበሩ። የጎደለው ግን ቁስሉን የሚቈጥር፣ እጁን የሚለካ፣ ከሕክምናው በፊትና በኋላ ያለውን አመዛዝኖ የሚጽፍ ትዕግሥት ነበር። ደግነት ያለ መዝገብ ዕውቀት አይሆንም።

የኛ አገር ድርሻም ትንሽ አይደለም። አልርትን ካቋቋሙት መካከል ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና ከውጭ አገር ማኅበራት ጋር የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ያኔ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል የነበረው፣ አንዱ ነው። እንግዲህ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዚህ ጉዳይ እንግዶች ነን ማለት አንችልም። ከ1988 ጀምሮም በአልርት አንድ ትልቅ ጥናት ተካሂዷል። 594 አዲስ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ተመዝግበው እስከ 10 ዓመት ድረስ ነርቫቸው ሲመረመር ቆየ። ውጤቱም ከግማሽ የሚበልጡት ገና በሽታው ሲታወቅላቸው የነርቭ ጉዳት ደርሶባቸው እንደ ነበረ፣ ሕክምና ከጀመሩ በኋላም አዲስ ጉዳት የሚደርስባቸው እንዳሉ አሳየ። አዲስ የደረሰ ጉዳት በጊዜ ሲታከም ይበልጥ ይመለሳል፤ እየተመላለሰ የቆየው ግን እምቢ ይላል። ስለዚህ መድኃኒት ሰጥቶ ማሰናበት አይበቃም፤ በየጊዜው መመርመር ያስፈልጋል ማለት ነው።

አሁን ይህን አስቡት። 594 ሰዎች፤ አንዱ ገበሬ ነው፣ አንዷ ሸማኔ ናት፣ አንዱ ሰፈር ለውጧል፣ አንዱ ስሙን ለውጧል፣ አንዱ መኸር ደርሶበት ቀርቷል። እያንዳንዱ በቀጠሮው መጥቶ በቀጭን የናይለን ክር እጁና እግሩ እየተነካ «ይሰማዎታል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። መርማሪው ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ መንካት አለበት፤ አንዱ ጠበቅ፣ ሌላው ላላ ካደረገው ቁጥሩ ውሸት ይሆናል። የመጣውን ማን ይመዘግባል? የቀረውን ማን ይፈልጋል? የሁለት መርማሪዎች ውጤት ሲለያይ ማን ያስታርቃል? ፕሮፌሰሩ እቅዱን ይነድፋል፤ ሐኪሙ ያክማል፤ ይህን ሁሉ በየቀኑ የሚያያይዝ ሰው ግን መኖር አለበት። ያ ሰው ነው ዛሬ የምርምር አስተባባሪ የሚባለው።

የአስተባባሪው የመጀመሪያ ሥራ ከሕመምተኛው ጋር መነጋገር ነው፤ በእኛ ዘንድ ከሥራዎቹም ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ለምን እንደምንል አንድ ታሪክ እንንገራችሁ።

በዘነበወርቅ ያለው ተቋም ስሙን ያገኘው ከኖርዌጂያዊው ሐኪም ከጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን ነው። ሐንሰን በ1873 የሥጋ ደዌን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ያገኘ ታላቅ ሰው ነው። ነገር ግን ባክቴሪያው ከሰው ወደ ሰው መተላለፉን ለማረጋገጥ በ1879 በበርገን ሆስፒታል የምትታከም አንዲት ሴትን ሳያስፈቅዳት ከሌላ ሕመምተኛ በተወሰደ ነገር ዐይኗን ወጋት። ሴትዮዋ ዝም አላለችም፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1880 ፍርድ ቤቱ ሐንሰንን ከሆስፒታሉ ሐኪምነት ሻረው። ዓለም ያከበረው ግኝቱ አልተሰረዘም፤ ጥፋቱም አልተሰረዘም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ አባቶቻችን። ስሙን በተሸከመው ተቋም አጠገብ የምናልፍ ሁሉ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ብናስታውስ መልካም ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕግ መጣ። በ1964 በሄልሲንኪ የወጣው የዓለም ሐኪሞች ማኅበር መግለጫ በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር ሁሉ የሰውየውን ነፃ ፈቃድ እንዲጠይቅ ደነገገ። ዛሬ በአገራችን ማናቸውም የሕክምና ምርምር ሳይጀመር በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ መታየት አለበት። አስተባባሪው ለኮሚቴው ማመልከቻ ያዘጋጃል፤ የፈቃድ ቅጹን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ ሕመምተኛው በሚናገረው ቋንቋ ያስጽፋል፤ ማንበብ ለማይችል ያነብለታል፤ በምስክር ፊት አውራ ጣቱን ያስነካዋል።

ግን በእኛ አገር «እሺ» የሚለው ቃል ብዙ ትርጉም አለው። ነጭ ካፖርት ለለበሰ ሰው «እምቢ» ማለት ነውር ይመስለናል። ይሉኝታ ይይዘናል። አንዲት እናት «እሺ፣ የኔ ልጅ» ስትል ገብቷት ይሁን አክብራን ይሁን እንዴት እናውቃለን? «እምቢ ካልኩ ጫማውን ይከለክሉኝ ይሆን?» ብላ ፈርታስ ቢሆን? ጥሩ አስተባባሪ ፊርማ አግኝቶ ቶሎ የሚሄድ አይደለም። ጥሩ አስተባባሪ ቁጭ ብሎ «እማማ፣ አሁን የነገርኩዎትን እስቲ በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» የሚል ነው። «ባይፈልጉ ሕክምናዎ አይቀርም፤ ነገም ሐሳብዎን መለወጥ ይችላሉ» ብሎ የሚያረጋግጥ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ድሃ ነው፣ አልተማረም ተብሎ ያልተከበረ ሰው የሚሰጠው መልስም እውነተኛ መልስ አይሆንም። ስለዚህ ሰውን ማክበር ለሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን ለሳይንሱም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሥራ መለካት ነው። በተሐድሶ ምርምር አንድ ሰው መሻሻሉን የሚለኩ መጠይቆች አሉ። አብዛኞቹ የተጻፉት በአውሮፓና በአሜሪካ ነው። የክንድና የእጅን ችግር ለመለካት በዓለም ሁሉ ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ «ምግብ በቢላዋ መቁረጥ ይችላሉ? አልጋ ማንጠፍ ይችላሉ? ከላይ ያለውን አምፖል መለወጥ ይችላሉ?» እያለ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ግን እንጀራችንን በቢላዋ አንቆርጥም። የሳንሱሲ እናት እጇ መዳኑን የምታውቀው ሊጥ ስታቦካ፣ ምጣድ ስታሰማ፣ ቡና ስትወቅጥ፣ ልጅ ስታዝል ነው። የእግር ጉዳት ያለበት አባትም መሻሻሉን የሚያውቀው መሬት ላይ ተቀምጦ ሲነሣ፣ ጉድጓድ ሽንት ቤት ሲጠቀም፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ሲሰግድ ነው። እነዚህን ያላካተተ መጠይቅ ቁጥር ይሰጠናል እንጂ እውነት አይሰጠንም።

ታዲያ መጠይቁን ማን ያስተካክለው? በቃል በቃል መተርጐም አይቻልም። አንዱ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ ሌላው የመጀመሪያውን ሳያይ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ ሁለቱ ይነጻጸራሉ፤ ከዚያም በሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ የማይገባው ቃል ይለወጣል። ይህን የሚመራው አስተባባሪው ነው። ለዚህ ደግሞ እንግሊዝኛውን ብቻ ሳይሆን የጓሮውን አማርኛ ማወቅ ያስፈልጋል። «ጡንቻዬ ደከመ» የሚለውን ማንም ይረዳል፤ «ሰውነቴ ከዳኝ» ሲልስ ምን ማለቱ ነው? «እግሬን ቆጨኝ»፣ «ጠዘጠዘኝ»፣ «ደነዘዘኝ» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቅ እዚህ ሰፈር ያደገ ልጅ ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ ሳታውቁት የተማራችሁት ትልቅ ትምህርት ይህ ነው።

ሦስተኛው ቴክኖሎጂው ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከ1979 ጀምሮ በጦርነት እግራቸውን ላጡ ሰዎች ሰው ሠራሽ አካል መሥራት ጀመረ፤ በ1983ም ለአካል ጉዳተኞች ልዩ ፈንድ አቋቋመ፤ አዲስ አበባም ለብዙ ዓመታት ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ቴክኒሻኖች የሠለጠኑባት ከተማ ሆናለች። የኮሚቴው ትልቅ ሐሳብ ሰው ሠራሽ እግርን ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ መሥራት ነው። ፕላስቲኩ ቀላል ነው፤ እርጥበት አያበላሸውም፤ ዋጋው ከሌላው ያንሳል፤ ሲሞቅ እንደ ተፈለገ ይቀረጻል።

አሁን እንዲህ እንበል። አንድ የጭነት ሠራተኛ በዚህ መንገድ አደጋ ደርሶበት እግሩን ከጉልበት በታች አጣ። እግር ተሠራለት። ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከስድስት ወር በኋላ እግሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰውየው በክራንች ሲሄድ ብናገኘው ምን እንላለን? «ሰነፍ ነው» እንላለን? ወይስ እግሩ የቆመበትን ሥጋ እያቆሰለው ነው? ወይስ የእግሩ መዳፍ በጭቃና በኮረት ተሰንጥቆ ነው? ወይስ ለጥገና ለመመለስ የመሳፈሪያ ገንዘብ አጥቶ ነው? መልሱ በግምት አይገኝም። ሁለት ዓይነት የእግር መዳፍ ወስዶ፣ ማን የትኛውን እንደሚያገኝ በዕጣ ለይቶ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንዳደረጉት፣ በስድስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚራመዱ፣ መቼ እንደ ተሰበረ፣ ቁስል እንዳለ ወይም እንደሌለ እየመዘገቡ አንድ ሙሉ ክረምት ማሳለፍ ያስፈልጋል። ክረምቱን ያላየ ጥናት ለሳንሱሲ ሰው ግማሽ ጥናት ነው። አስተባባሪው ዕጣውን ይጠብቃል፤ መርማሪው የትኛው መዳፍ የማን እንደ ሆነ እንዳያውቅ ያደርጋል፤ ያልመጣውን በስልክ፣ ስልክ ከሌለው በእግሩ ሄዶ ይፈልገዋል። ምክንያቱም የቀረው ሰው ምናልባት እግሩ የተሰበረበት ሰው ነው፤ እሱ ከተረሳ መዳፉ ጥሩ ነው ተብሎ ይጻፋል።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ደግሞ አይደለም። በ2019 በተደረገ ስሌት በዓለም ላይ 2.4 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለት ከሦስት አንዱ፣ ተሐድሶ የሚጠቅመው ሕመም ወይም ጉዳት አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 ባወጡት ዘገባ ከ2.5 ቢሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ቢያንስ አንድ ደጋፊ መሣሪያ፣ መነጽር ይሁን፣ ክራንች ይሁን፣ ተሽከርካሪ ወንበር ይሁን፣ ያስፈልጋቸዋል፤ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉት ግን አያገኙም። አፍሪካ በ2020 ከዱር ፖሊዮ ነፃ መሆኗ ታውጇል፤ ይህ ትልቅ ደስታ ነው። ነገር ግን በልጅነታቸው ፖሊዮ የያዛቸው ዛሬም ጎልማሶች ሆነው አብረውን አሉ፤ የመንገድ አደጋ፣ ጦርነት፣ የስኳር በሽታና የአንጐል የደም ሥር መዘጋት ደግሞ በየቀኑ አዲስ ጉዳተኛ ይጨምሩብናል።

መንግሥታችንም ቃል ገብቷል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2006 ጸደቀ፤ ኢትዮጵያም በ2010 አጽድቃዋለች። ስምምነቱ ስለ ተሐድሶ፣ ስለ ደጋፊ መሣሪያዎች ምርምር፣ ስለ መረጃ አሰባሰብም ጭምር ይናገራል። ቃል የእምነት ዕዳ ነው እንጂ የእናት ያባት አይደለም ይባላል። ዕዳው የሚከፈለው ግን ስንት ሰው ምን እንደሚያስፈልገው፣ የተሰጠውም ጠቅሞት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ሲኖር ነው።

«ታዲያ ይህን ሙያ እንዴት እንግባበት?» ትሉ ይሆናል። በር አንድ ብቻ አይደለም። ከፊዚዮቴራፒ፣ ከነርስነት፣ ከኅብረተሰብ ጤና፣ ከስታቲስቲክስ፣ ከሶሲዮሎጂ፣ ከምሕንድስናም የሚመጡ አሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ2005 ጀምሮ ኅብረተሰቡን መሠረት ያደረገ የተሐድሶ ሥራ ያካሂዳል፤ በ2017ም ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ርዳታ የ10 ዓመት ትብብር ጀምሯል፤ በአገራችን የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርትም የተከፈተው እዚያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚጀምረው መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ ነው፤ ቀጥሎ የመረጃ ሰብሳቢዎች ተቆጣጣሪ ይሆናል፤ ከዚያ አስተባባሪ። ከዚያም የሚወድ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪውን ተምሮ የራሱን ጥያቄ ይዞ መርማሪ ይሆናል። የሚያስፈልገውም ስጦታ ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ቀጠሮ ማክበር፣ በንጹሕ መጻፍ፣ የሰውን ምስጢር መጠበቅና የማያስደስትን ውጤት ሳይሸሽጉ መመዝገብ ነው።

ሙያውን ስናመሰግን ችግሩን ሸሽገን እንዳይሆን እውነቱን እንናገር። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ በፕሮጀክት ዘመን የተወሰነ ነው፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ወንበሩም ያልቃል። ጽሑፉ ሲታተም የአስተባባሪው ስም ከደራሲዎች ጋር ሳይሆን ከምስጋናው መጨረሻ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ጥያቄው ራሱ ከሩቅ ተጽፎ የሚመጣበት ጊዜ ነው፤ እኛ ቁጥር እንሰበስባለን፣ ሌላው ያስባል። ይህ እንዲለወጥ እንፈልጋለን። የውጭ ሰው አይምጣ ማለታችን አይደለም፤ ብራንድም፣ ቼሻየርም የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ ጠቅመውናል። የምንለው ጥያቄውን ከሚያነሡት መካከል በዚህ መንገድ ላይ ያደገ ሰው ይኑር ነው። እንዲያውም አካል ጉዳት ያለበት ሰው ተጠያቂ ብቻ ሳይሆን ጠያቂም፣ አስተባባሪም፣ መርማሪም ይሁን ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «አገር ዳቦ ሲቸግራት ምርምር የቅንጦት ነው፤ ገንዘቡ ለክራንች ይዋል» ይላሉ። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ነውና አንንቀውም። ግን የማይሆን ክራንች ለሺህ ሰው ማደል ገንዘብ መቆጠብ ነውን? ቁመቱ ያልተለካ ክራንች ትከሻ ይጎዳል፤ ያልተመጠነ ተሽከርካሪ ወንበር የመቀመጫ ቁስል ያመጣል፤ ቁስሉም ሊገድል ይችላል። ሀብታም አገር ቢሳሳት ሌላ ይገዛል፤ ድሃ አገር ግን አንዴ የሚሰጠውን በደንብ አውቆ መስጠት አለበት። ስለዚህ ምርምር ለእኛ ከሌሎች ይልቅ ያስፈልገናል እንጂ አያንሰንም።

እንግዲህ ከመለያየታችን በፊት ሦስት ነገር እንለምናለን።

ወላጆቻችንን የምንለምነው፣ ልጃችሁ ሐኪም ያልሆነ የጤና ሙያ ቢመርጥ «ወደቀ» እንዳትሉት ነው። ደግሞም የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ያላችሁ ካላችሁ በቤት አትደብቁት፤ የማይታይ ልጅ አይቈጠርም፤ ያልተቈጠረም አይታቀድለትም።

እናንተን ተማሪዎችን የምንለምነው በዚህ ክረምት አንድ ሥራ እንድትሠሩ ነው። ከአስኮ እስከ ቡራዩ ባለው መንገድ ዳር በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው የት ላይ እንደሚቸገር በደብተር ጻፉ፤ የቱ ቦይ ክዳን የለውም፣ የቱ ቢሮ ደረጃ ብቻ ነው፣ ሚኒባሱ ቆሞ ይጭነዋል ወይስ ያልፈዋል? መጀመሪያ ግን ሰውየውን ሰላም በሉ፤ ዓላማችሁን ንገሩት፤ ፈቃዱን ጠይቁ፤ እምቢ ካለ አመስግናችሁ ሂዱ። ይህን ያደረገ ሰው የሙያውን ፊደል ቈጠረ ማለት ነው።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ራሳችንን የምናስገድደው፣ ደብተሮቻችሁን ተቀብለን አንድ ላይ አጠናቅረን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት እንድናቀርብና ያገኘነውን መልስ፣ መልካምም ይሁን ክፉ፣ ተመልሰን እዚሁ እንድንነግራችሁ ነው። ከሰው ወስዶ ለሰው አለመመለስ የምርምር ትልቁ ነውር ነውና።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።